ይላላል፣ ይጠብቃል

13 ዓመቴ ላይ አንድ አይሱዙ ከነጭነቱ ገደል ልከት ነበር።

ደብረ ማርቆስ ነው፤ ክረምት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እኔ አባቴ ጋራዥ ውስጥ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተትኩ እውላለሁ። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ መኪና ሥር የሚገባበት አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ሞርሳ፣ ለባለጉዳይ አንድ አግዳሚ ወንበር። በቃ። አባቴ የአይሱዙውን የኋላ ጎማ መልሶ ገጠመና ብሎኖቹን በእጁ አስጀመራቸው። ከዚያ ሰው ጠራው። «አጥብቃቸው፤ መጣሁ» ብሎኝ ወጣ።

ሁለቱን አጠበቅኩ። ውጭ ልጆች ጭቃ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ስሜን ጠሩኝ። ሄድኩ።

ሾፌሩ ሒሳቡን ቀድሞ ከፍሏል። ምን ይጠብቃል? አስነስቶ ወጣ።

አባቴ ሲመለስ መጀመሪያ ባዶውን ቦታ አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። «አጥብቀሃል?» አለኝ። መሬት መሬት አየሁ። ሌላ አልጠየቀኝም። ከጎረቤት ሞተር ሳይክል ለመነ፣ እኔን ከኋላው ጫነ፣ በደምበጫ መንገድ ተፈተለክን። ዝናቡ ፊቴን ይገርፈኛል። እኔ ግን በየመታጠፊያው የተገለበጠ መኪና እንዳላይ ነበር የምጸልየው።

አማኑኤል ሳንደርስ አገኘነው። ዳር ይዞ ቆሟል። ጎማው ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶት፣ ወርዶ አይቶ ነው። ሁለቱ ወድቀዋል። ሌሎቹ በጥርሳቸው ጫፍ ተንጠልጥለዋል። ሾፌሩ እኔን ሲያይ ጣቱን ቀሰረ፦ «ይሄ ልጅ ብሎኑ የላላ ነው እንዴ?»

ይህን ነገር በሰው ላይ ሲነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለነገሩ የላላው ዳዶው፣ ማለትም ብሎኑ ላይ እየዞረ የሚጠብቀው ብረት ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ብሎን ነው የሚለው። አባቴ ቁልፉን እያወጣ «የልጁ አይደለም ጌታው፤ የመኪናው ነው። እሱን ደግሞ አሁን አጠብቀዋለሁ» አለ። «እሱን» ያለው ብሎኑን ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ማታ ቤት ስንደርስ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ አባባል በሰማሁት ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። እንደ ሌላው ሰው ስቄ ማለፍ አልችልም።

አማርኛችን ለእብደት ደረጃ አለው። «ነካ ያደርገዋል» ቀላሉ ነው፤ በፍቅርም ይባላል። «ወፈፍ ያደርገዋል» ሲባል ይመጣል ይሄዳል ማለት ነው። «ጨርቁን ጣለ» ሲሆን ነገሩ አደባባይ ወጥቷል። «ለየለት» ደግሞ በር መዝጋት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅ ነገር የለም። «ብሎኑ ላልቷል» በእኔ ሚዛን ከ«ነካ ያደርገዋል» ትንሽ ከፍ፣ ከ«ወፈፍ» ትንሽ ዝቅ ይላል። ሳቅ አለበት። ለታመመ ሰው ብዙም አይባልም። የባንክ ሥራውን ጥሎ ንብ ማነብ ለገባ ጓደኛ ይባላል። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሁሉም የሚያውቀውን እውነት በአለቃው ፊት ለተናገረ ሰው ይባላል። ለቅሶ ቤት ሳቅ ለሚያመልጠው ይባላል። «አንድ ብሎን ጎድሎታል» ግን ሌላ ነው፤ ያ ጠንከር ይላል። የላላ አለ፤ የጎደለ የለም።

«ብሎኑ ላልቷል»ን የፈጠርነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዙም ጀርመኑም ብሎኑ እንደላላ ይናገራል። ስፔናዊው ጎደለው ይላል። ጣሊያናዊው ደግሞ ትንሽ ጥርሳም ጎማ ነው የሚጎድለው፤ የሰዓት ዕቃ ዓይነት። ማሽን የገባበት አገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሰውን ጭንቅላት ከፍቶ ያየው በማሽን አምሳል ነው።

ቃሉ ራሱ ከየት መጣ? ፈረንሳይ ቡሎን ይላል፤ ጣሊያን ቡሎኔ። ጣሊያኖቹም የወሰዱት ከፈረንሳይ ነው። ፈረንሳዩ ደግሞ ክብ ነገርን፣ ኳስን ከሚጠራበት ቡል ከሚለው ቃል ነው ያወጣው፤ ትንሽ ኳስ እንደማለት፣ ለክብ ራሱ። (እኔን ከብሎን ያስጣለኝ ኳስ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።) ፈረንሳዮቹ በጅቡቲ ባቡር ገቡ። ጣሊያን ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት አርበኞቻችን እንቅልፍ እየነሱት ቆይቶ ወጣ። ሲወጣ የመሣሪያ ሳጥኑን ትቶ የሄደ ይመስል ጋራዡ ሁሉ በቋንቋው ይናገራል፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ተከፍቶ ስንትና ስንት ባለሙያ አውጥቷል። አባቴ ጋራዥ ውስጥ ግን አንድም የሩሲያ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ቀድሞ የመጣ ስም አውጥቶ ይሄዳል።

ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ቃላት ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት በአገራቸውም ተውሶ ነበሩ። ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረው ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። መኪናውን የሚሸከመው ባሌስትራ ቀስት መወርወሪያ ነው፤ እውነትም ተደራርቦ የተቀሰተውን ብረት ስታዩት የጦር መሣሪያ ይመስላል። ማርሽ ፈረንሳይኛ ነው፤ እርምጃ። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ኦሊምፒክ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያመጣ ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። ከእግር ወደ መኪና የሄደው ቃል በእሱ እግር ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህን ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ግን ደስ ይላል።

ፍሬንማ ጭራሽ ጉድ ነው። «ፍሬን በጠሰ» የ«ብሎኑ ላላ» ጯሂ ዘመድ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ በኩል ወደ ላቲን ሲወርድ የሚያርፈው ፍሬኑም ላይ ነው፤ ፍሬኑም ደግሞ ልጓም ነው። የፈረስ ልጓም! እኛ እኮ ከመኪና በፊትም ሰውን «ልጓሙን በጠሰ» እንለው ነበር። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲሰባሰቡ ሄዳችሁ እዩ። ፈረስ ልጓም ሲያስጨንቀው፣ ጋላቢው ሲይዘው ሲለቀው፤ ከዚያ በኋላ ደጀን ሄዳችሁ የአባይን ቁልቁለት የሚጀምር ከባድ መኪና ተመልከቱ። ልምድ ያለው ሾፌር ፍሬን ላይ አይተኛም። ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ፍሬን ብዙ ከተረገጠ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ መውጣት ነው። አባቴ ጋራዥ ያደረ ሾፌር ማታ ማታ ሲያወራ ስለ ፍሬን ቀልድ አይናገርም ነበር። ፍሬን በጠሰ እያልን የምንስቀው ያን መንገድ በተሳፋሪነት ብቻ የምናውቀው ነን።

ወደ ብሎናችን እንመለስ። ለምንድን ነው የሚላላው?

አባቴ ሲያስተምረኝ «ብሎን ላስቲክ ነው» ይለኝ ነበር። ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የወሰድኩት። ለካ ትክክል ነው። ብሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል። ዓይን አያየውም እንጂ እንደ ምንጭ ብረት ይወጠራል፤ ሁለቱን አካል አጣብቆ የሚይዘው ተመልሶ ለመሰብሰብ የሚያደርገው ትግል ነው። ቁልፉ ላይ ከምታሳርፉት ጉልበት አብዛኛው መፋተጉን ለማሸነፍ ያልቃል፤ ብሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው ከ10 እጅ 1 እጅ ገደማ ነው። ያው መፋተግ ነው ተመልሶ እንዳይፈታ የሚይዘው። በ1969 እ.ኤ.አ. ገርሃርድ ዩንከር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ አንድ ነገር አሳየ። ብሎንን ቶሎ የሚፈታው ቁመቱን ተከትሎ የሚጎትተው ኃይል አይደለም፤ ከጎን የሚወዘውዘው ነው። ወዲህ ወዲያ ሲል መፋተጉ ለአፍታ ይጠፋል፤ በዚያች አፍታ ጥቂት ይዞራል። ደግሞ ጥቂት። ማንም ሳይነካው ራሱን ይፈታል።

ስለዚህ የላላ ብሎን መጥፎ ብሎን አይደለም። መንገድ ያየ ብሎን ነው።

በጣም ማጥበቅም መድኃኒት አይደለም። ከልኩ ካለፈ ተለጥጦ ይቀራል፣ ወይ ጥርሱ ይበላል፣ ወይ አንገቱ ላይ ቀጭ ይላል። አባቴ የጎማ ብሎን ሲያጠብቅ በመስቀል ነበር፤ አንዱን ጠበቅ፣ ፊት ለፊቱን ጠበቅ፣ ደግሞ ዞሮ መጀመሪያውን። አንዱን ወገን ብቻ ካጠበቅከው ጎማው አዘንብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ሾፌሩን «ጥቂት ሄደህ ውረድና ደግመህ ሞክረው» ይለዋል። አንዴ ጠብቆ የሚቀር የለም። የግራ ጥርስም አለ። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የብስክሌት ከተማ። የብስክሌት የግራ ፔዳል ከሌላው ሁሉ በተቃራኒ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ይህን የማያውቅ ልጅ ሊፈታው ሲታገል የባሰ ያጠብቀዋል። ስንቱን ሰው እንዲሁ ነው ያደረግነው።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው ነበሩ። አባቴ «አያ አሥራ ሰባት» ይላቸዋል። ከተማው ግን «ብሎኑ የላላው» ነበር የሚለው፤ አንተ እያለ። አባቴ ብቻ አንቱ ይላቸው ነበር። ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደደረሰባቸው ብዙ ይወራል፤ አልደግመውም። ጠዋት ይመጣሉ፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ለብቻቸው ያወራሉ። አባቴ አንድ ቀን የብሎን ጣሳ ፊታቸው ደፋ። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ዝገት፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሁሉም የተደባለቀ። እስከ ማታ በናፍጣ አጥበው በየቁጥሩ ለዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራቸው ሆነ። በጣታቸው ብቻ ዳብሰው «አሥራ ሦስት»፣ «አሥራ ዘጠኝ» ይላሉ። የሚወዱት ግን 17 ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን አናቱ በብዛት በ17 ቁልፍ ነው የሚፈታው፤ ከመኪናው ብዙ ቦታ አለ፤ ሁሌም ይፈለጋል። ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ሦስት አይጠፋም። ማንም ግቢ ሲገባ ሰላምታቸው አንድ ነው፦ «የቱ ነው የላላው? ስንት ቁጥር ነው?»

አንድ ቀን ጠጅ የቀመሱ ወጣቶች መጥተው አፌዙባቸው። «አያ፣ ብሎንዎ ላልቷል ይባላል፤ እውነት ነው?» አያ አሥራ ሰባት ከጣሳው ቀና አላሉም። «የናንተ መች ጠበቀ፤ ዝጎ ነው እንጂ።»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በጣም ቁም ነገረኛ የሆነ ባለጉዳይ ሲሄድ እየጠበቀ «ዝጓል» ይለኝ ነበር። የዛገ ብሎን እውነትም አይላላም። አይጠብቅምም። ናፍጣ አፍስሰህበት ብታሳድረው እንኳ መፍቻ ይበላል።

ጎጃም ስለሆነ ይህን መልስ ሰው ቅኔ ነው ብሎ ይዞት ዞረ። አያ አሥራ ሰባት ቅኔ ቤት ገብተው ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ግን መላላትና መጥበቅ ከጋራዡ በፊት የቋንቋው ነገር ነው። ፊደላችን ድምፅ ሲጠብቅ ምልክት አያደርግም፤ አጥባቂው አንባቢው ነው። ገና ሲላላ ቀን አለ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ዋና ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «አባቴ አለ» የምትለውን እዩ። ሲጠብቅ አባቴ በሕይወት አለ። ሲላላ አባቴ አንድ ነገር ተናገረ። እኛ ቤት ከሦስት ዓመት ወዲህ ላልቶ ነው የሚነበበው።

ቅኔ ሲነሳ ሰምና ወርቅ ማለት አይቀርም። ይህንንም ከዋሸራና ከጎንጅ የቅኔ ጉባኤ በፊት ያወቀው የአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ እሳት ያሳየዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቅ ይፈስሳል። የቅኔ ሊቃውንቱ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኙም። በጣም ልክ ነበሩ። ግን ያን ብረትና ወርቅ የሚሠራውን ሰው ምን ነበር የምንለው? ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ሲመሽ ደግሞ ቡዳ። ከእሱ ጋር ማዕድ የማይቆርስ ሰው በእሱ ሥራ ስም ቅኔ ይቆጥራል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ አድርሷቸዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ አልወጣም። አባቴም በልጅነቱ ጋራዥ ሲገባ አያቴ «ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?» ብላ አልቅሳለች።

ቂም የያዝኩ አይምሰላችሁ። ይዣለሁ፣ ግን ትንሽ ነው። የሚያበሳጨኝ ቃሉን ስንበደር ግማሹን ብቻ መውሰዳችን ነው። ጋራዥ ውስጥ «ይሄ ላልቷል» ሲባል እጅ ወደ ቁልፍ ይሄዳል። ማንም የላላ ብሎን አይቶ ቆሞ አይስቅም። ከጋራዥ ውጭ ግን «ላልቷል» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል።

ደግሞ ዘንድሮ የላላ ነገር መሳደቢያ ብቻ አይደለም። የ16 ዓመቷ ልጄ ቀኑን ሙሉ «አባ፣ ፈታ በል እንጂ» ትለኛለች። ፈታ ያለ ሰው ጥሩ ሰው ነው። ፈታ የሚለው ግስ ያልነካው ነገር የለም። ብሎን ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል። ልጅ አፉን ይፈታል። «ፈታ በል» ስትለኝ ከነዚህ የትኛውን እንደሆነ እጠይቃታለሁ። ዓይኗን ታንከባልልና ትሄዳለች።

ባለፈው ዓመት እኔም ተራዬ ደረሰ። ከአባቴ ተዝካር በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት ተነሥቼ ብስክሌት እፈታለሁ፣ ጠዋት እገጥማለሁ። መሥሪያ ቤት የያዝኩትን ወረቀት ረስቼ ወረቀቱን እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ሻይ ቤት በር ላይ ስደርስ ከውስጥ «እሱማ ብሎኑ ላልቷል» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ስለ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ሞኝ መሆን ያስፈልጋል። ተመለስኩ። ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ማርቆስ ሄድኩ።

ጋራዡን አሁን ሌላ ሰው ነው የያዘው። ቆርቆሮው ተቀይሯል። አግዳሚው ግን አለ። አያ አሥራ ሰባት አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ድምፄን ሲሰሙ «የባለጋራዡ ልጅ» አሉ። ፊቴን በእጃቸው ዳበሱት፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን፤ ልክ ጣሳው ውስጥ እንደሚያደርጉት፣ ቀስ እያሉ።

«የቱ ነው የላላብህ?» አሉኝ። «ስንት ቁጥር ነው?»

«አሥራ ሰባት» አልኳቸው።

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።